ቆጠራና ነገራ

ጢስ ዓባይ ከሩቅ ሲያዩት ጢስ ነው፤ ሲቀርቡት ውሃ ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው፣ ዐይን መጀመሪያ የሚያየውን ሰም አድርጎ እውነቱን በውስጡ የሸሸገ ባለቅኔ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ከዚሁ ፏፏቴ 11.4 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲጀመር ቅኔው ሦስተኛ ፍች ተጨመረለት፤ ጢሱ ውሃ፣ ውሃውም ብርሃን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኑ ቦይ ዞረና ብርሃኑ ሲበረታ ጢሱ ሳሳ። የሰው ልጅ ከማናቸውም መሣሪያ ጋር ያለው ውል እንዲህ ነው፤ የሚሰጠው ነገር አለ፣ በምትኩ የሚወስደውም አለ።

የሶፍትዌር መሐንዲስን ሕይወት ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። የእርሱም ሥራ ከሩቅ ጢስ ነው። አናጢ በሩን፣ ሸማኔ ጋቢውን፣ ሸክላ ሠሪ ጋኗን አውጥታ ታሳያለች፤ እርሱ ግን ለጎረቤት በእጅ የሚያስጨብጠው የለውም። ሰው የሚያየው የሚያበራውን መስተዋት ብቻ ነው፤ ከመስተዋቱ ኋላ በሺህ የሚቈጠሩ መስመሮች ተደርድረው እንዳሉ፣ ከነዚያም አንዱ ቢዛባ ሌላው ሁሉ እንደሚዛባ የሚያውቀው እርሱና እርሱን የመሰሉ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህም ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ ወይም ከማንኩሳ ወጥቶ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ወጣት ለበዓል ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ካለፋቸው ፈተናዎች ሁሉ የሚከብደው ፈተና ከምድጃው ዳር ይጠብቀዋል።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?» ይላል አባት።

«ለኮምፒዩተር ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ ይታዘዝልሃል?»

«አንዳንድ ቀን።»

«እንግዲያው በሬ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ልጁም አብሮ ይሥቃል። ይሁንና ማታ መደቡ ላይ ጋደም ሲል አንድ ነገር ይከነክነዋል። በውጭ ቋንቋ በተጻፈ ፈተና ላይ ያላነሰው ሰው፣ በእናቱ ቋንቋ ስለ ገዛ እንጀራው አምስት ዐረፍተ ነገር መናገር አቃተው። ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ አይደለም፤ የብዙዎች ነው፤ ስሙንም መጥራት የማያስፈልገው ስለዚህ ነው። የቡሬው ልጅ ቢባል ይበቃል።

የቡሬው ልጅ ያደገበት አገር ግን ለእንዲህ ያለው ዝምታ መድኀኒት ያጣ አገር አይደለም። ጎጃም የቅኔ ቤት ነው፤ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ምንጮች ስማቸው ከዚህ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር ሲታገል የዋለ ተማሪ ማታ ከጉባኤው ሲቀመጥ የሚማረው ግስና አገባብ፣ እርባ ቅምርም ነው። ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር ይለምዳል። አንደኛው ቆጠራ ነው፤ ጥግ ይዞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቃሉን በልኩ እየሰፈረ፣ ምሥጢሩን ከቃሉ ጋር እያጋጠመ ቅኔውን በልቡ ያበጃል። ሁለተኛው ነገራ ነው፤ የቈጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ በሰው ሁሉ መካከል አፉን ከፍቶ ያሰማል፤ ቢያምር ይመሰገናል፣ ቢወላገድ እዚያው ይታረማል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያለው ባለቅኔ አይባልም። ቈጥሮ ያልተናገረ ምሥጢሩን ይዞት ይቀራል፤ ሳይቈጥር የተናገረም ጩኸት ብቻ ነው።

አማርኛችን ቁጥርን መቁጠርንና ቅኔን መቁጠርን በአንድ ቃል መጥራቱ እንዲሁ የተገኘ አጋጣሚ አይመስልም። ሁለቱም ልክ አላቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ሦስት አድርጎ ይበልጥ አስዋብሁት የሚል ተማሪ የለም። የሶፍትዌር መሐንዲስም በተሰጠው ልክ ውስጥ ነው ነጻነቱን የሚፈልገው። በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍን ሥራ እንውሰድ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌ ብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ በርበሬ ሸጦ ዋጋውን በስልኩ የሚቀበል ገበሬ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ገዥው ቁልፉን በተጫነበትና ሻጩ መልእክቱን ባነበበበት ቅጽበት መካከል ግን መስመሩ ቢቋረጥስ? ገንዘቡ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ሳይደርስ በመንገድ ሊቀር፣ ወይም ሁለት ጊዜ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሱ ለመኪናው የሚሰጠው ሕግ አንድ ነው፤ ነገሩ ወይ ፈጽሞ ይሁን፣ ወይ ጨርሶ አይሁን፤ መካከለኛ የለም። ገበሬው ይህን ሕግ አያውቀውም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። በርበሬውን ሸጦ በሰላም ቤቱ መግባቱ ራሱ ከመስተዋቱ በስተኋላ አንድ ሰው ሌሊቱን ቈጥሮ ማደሩን ይመሰክራል።

የሙያው መንገድ ከዚህ አገር ሲነሣ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለአካባቢው ልጅ የመሣሪያን ዕውቀት በር ከፈተለት፤ ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኋላም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ፤ በቡሬም ቅጥር ግቢ አለው። ዛሬ ከቡሬ ገጠር ተነሥቶ ኮምፒዩተር መማር ብርቅ አይደለም። አስቸጋሪው ከተማሩ በኋላ ያለው ነው። መሐንዲሱ የሥራ ዘመኑን ሲመረምር ከጻፈው ይልቅ ያነበበው፣ ከሠራው ይልቅ ያረመው በልጦ ያገኘዋል። ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን መስመር ሲፈታ ይውላል፤ «ይህ ሰው ምን ማለቱ ነበር?» እያለ ይጠይቃል። ይህም የቅኔ ተማሪ ሥራ ነው፤ የቀደሙትን ቅኔ ሳይፈታ የራሱን የሚቈጥር ተማሪ የለምና።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል። ምህንድስናና ኪነ ጥበብ በአንድ ሰው ውስጥ ይስማማሉን? በአገራችን ታሪክ ሁለት ታላላቅ ምስክሮች «አይስማሙም» ያሉ ይመስላሉ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ምህንድስናውን ትተው የቀለም ሰው ሆነው ተመለሱ። ሙላቱ አስታጥቄም በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተሻገረው ምህንድስና ሊያጠና ነበር፤ እርሱም ትቶ ወደ ሙዚቃው ገባ፤ በኋላም ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት ለዓለም አሰማ። ሁለቱም አንዱን ለማግኘት ሌላውን ጣሉ፤ የጣሉትም ስለ ከበዳቸው ሳይሆን ልባቸው ከሌላ ስፍራ ስለ ነበረ ነው።

ሶፍትዌር ግን ይህን ፍርድ በከፊል የሻረ ይመስላል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ብረት ሳይሆን ጽሕፈት ነውና። የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወደ ቋንቋ ይጎትታል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የፊደላችን ታሪክ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባው በአዋጅ አይደለም፤ ከእንጀራ ሥራቸው በተጨማሪ ለፊደል ፍቅር ያደረባቸው ጥቂት ሰዎች አስገቡት።

አስቀድሞ አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የገጠማቸው ችግር የቁጥር ነበር። ፊደሉ ብዙ ነው፤ የመኪናው ቁልፍ ግን ጥቂት። መፍትሔው ፊደሉን እየቈራረጡ መቀጠል ሆነ፤ አካሉ በአንድ ምት፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ በሌላ ምት ይመታ ነበር። መኪናው ለአገር ብዙ ደብዳቤ ጻፈ፤ የፊደሉ መልክ ግን ተጐዳ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ በሌላ ልብስ ተመለሰ። የመጀመሪያው የኮምፒዩተር የፊደል ሠንጠረዥ 128 ቦታ፣ በኋላ የሰፋውም 256 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ ገበታ 33 ጊዜ 7፣ ማለት 231 ነው፤ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ከነዘራቸው 20 ሲጨመሩ፣ የግእዝ አኃዞችም 20 ሲሆኑ ድምሩ 271 ይደርሳል፤ ነቊጡና እነ ሏ፣ ሟ፣ ሯ ገና ሳይቈጠሩ ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ በሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ የነበሩት ፍስሐ አትላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ ብለው በሰየሙት ድርጅት የግእዝን ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም አቀረቡ። በዚያው ዘመን በኮሎራዶ የሚኖሩት ዶክተር አበራ ሞላ፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ፣ ፊደል እንደ ጽሕፈት መኪናው ተቈራርጦ መቀጠል የለበትም፣ እያንዳንዱ ሙሉ አካሉን ይዞ ይጻፍ ብለው ሞድኤት የተባለውን ሥራቸውን አዘጋጁ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ የግእዝ ፊደል በሌለበት መኪና እንኳ አማርኛ በላቲን ፊደል ሥርዐት ባለው መንገድ ተጽፎ መልሶ ወደ ግእዝ እንዲለወጥ «ሴራ» የተባለውን ዘዴ ነደፉ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ፊደል ለመሥራት ደመወዝ የተቈረጠለት አልነበረም። ቀን ለሌላ ሠርተው ማታ ለፊደል የቈጠሩ ናቸው።

ዳሩ ግን ቆጠራው ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ቪዡዋል ግእዝና ፓወር ግእዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ቢስፋፉም እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። አንድ ፊደል ያለው ሕዝብ በብዙ ሠንጠረዥ ተከፋፍሎ እርስ በርሱ መነበብ አቃተው። ይህን የፈታው አዲስ ፕሮግራም አልነበረም፤ ነገራ ነበር። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለማስፈር የተነሣው የዩኒኮድ ማኅበር ዘንድ የግእዝን ጉዳይ ይዞ የሚቀርብ፣ ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ ስለ አንዲት ፊደል ቦታ የሚከራከር፣ ለማያውቀው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላት ተጨመሩለት።

ሠንጠረዡን የተመለከተ ባለቅኔ የሚደሰትበት ነገር አለ። ሀ ቁጥሯ 4608 ነው፤ ሁ 4609፤ ለ 4616፤ ሐ 4624፤ መ 4632። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ በተራቸው ተቀምጠዋል፤ ስምንተኛው ለእነ ሏ እና ለእነ ሟ ተትቷል። ስለዚህ የአንዱን ፊደል ቁጥር ለስምንት ቢያካፍሉት የሚተርፈው ዘሩን ይነግራል፤ ምንም ካልተረፈ ግእዝ ነው፣ አንድ ከተረፈ ካዕብ፣ ሁለት ከተረፈ ሣልስ። በቄስ ትምህርት ቤት በስንደዶ እየተጠቈመ የተቈጠረው ገበታ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ተራውን ሳይለቅ ገብቷል። ዛሬ በፍኖተ ሰላም አደባባይ ቆሞ በስልኩ ለእጮኛው «ደኅና አደርሽ?» ብሎ የሚጽፍ ወጣት የሚረግጠው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የቡሬው ልጅም ከዚህ መሠረት ላይ ቆሞ የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። ከሥራ ባልደረቦቹ የሚለየውም የቅኔ ቤት ጆሮው ነው። አማርኛን ለኮምፒዩተር የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለሥራ እንዲቀልላቸው ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር ይጨፈልቃሉ፤ ድምፁ አንድ ነው በማለት። ለፍለጋ ይህ ይጠቅማል፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ሲጽፍ መኪናው ሁለት ፀሐይ እንዳይቈጥር ያደርጋል። ነገር ግን በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ ነው። ፀሐይ የወጣችበትን ማለዳ ፀሐይ የሰረቀችበት ማለዳ የሚያደርግ መኪና ቅኔ ሊፈታ አይችልም። የቅኔ ቤት ጆሮ ያለው መሐንዲስ እንግዲህ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ለፈላጊው ያቀራርባል፣ ለአንባቢው ግን የጸሐፊውን ፊደል ሳይነካ ያኖራል። የኪነ ጥበብ ፍቅሩ ለሥራው ጌጥ አይደለም፤ ከስሕተት የሚጠብቀው ዐይን ነው።

* * *

ወደ አገሩ የተመለሰ ጊዜ፣ በበዓሉ ማግስት፣ ይህ ሰው ወደ ቀድሞ መምህሩ መሄዱ አይቀርም። የኔታ ከቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጕልበታቸውን ስሞ፣ ተመርቆ፣ ከፊታቸው ይቀመጣል። የአባቱ ጥያቄ እዚህም ይጠብቀዋል፤ አሁን ግን ተዘጋጅቷል።

«የኔታ፣ እርስዎ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩን የ2017ን በዓላት እንዴት ታወጣላችሁ ቢሉን ምን እንል ነበር?»

«ደግሞ ልትፈትነኝ መጣህ?» ይላሉ የኔታ እየሣቁ፤ «ቀጥል፣ አንተው በላ።»

ይቀጥላል። 5500 ዓመተ ዓለምና 2017 ዓመተ ምሕረት ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ። ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 12 ይተርፋል፤ መደቡ እርሱ ነው። አንድ ሲቀነስ 11 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፣ አበቅቴ። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይተርፋል፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ እነሆ 1 እና 29። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፤ ከ30 ስለ በለጠ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ትሻገራለች፤ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ጾመ ነነዌ ገባች።

«አልረሳህም፤ ጐሽ!» ይላሉ የኔታ።

«እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው፣ የኔታ። ‹ከ14 ቢበልጥ በዚህ ሂድ፣ ባይበልጥ በዚያ ሂድ› እያልሁ ለመኪናው መንገድ እጽፍለታለሁ። የኛን ዘመን በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም የሚቈጥር ፕሮግራም ዛሬ በዓለም ሁሉ አለ።»

ይህ እውነት ነው፤ ብዙ የኮምፒዩተርና የስልክ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት፣ አይ.ሲ.ዩ. የተባለው የጋራ የፕሮግራም ስብስብ፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር በሁለቱም መንገድ ይዟል። የኔታ ግን ጥቂት ዝም ብለው ጭራቸውን ካወዛወዙ በኋላ ያልተጠበቀውን ይጠይቃሉ።

«እንዲህ ከሆነ፣ ልጄ፣ መኪናው ካወቀው የእኔ ተማሪ ለምን ይማረዋል?»

የጢስ ዓባይ ጥያቄ ነው፤ ብርሃኑ ሲበዛ ጢሱ የሚሳሳበት። መሐንዲሱ ቶሎ አይመልስም።

«የኔታ፣ መኪናው አያውቀውም፤ ይደግመዋል እንጂ። አንድ ቀን ስሕተት ቢገባበት፣ የሚያርመው ሰው ካልተገኘ፣ ስሕተቱንም እንደዚሁ ሲደግም ይኖራል።»

«እንግዲያው አንተም መምህር ነህ በለኛ፤ ተማሪህ ብቻ ምግብ አይለምንም!»

በዚህች አጭር ጊዜ የቡሬው ልጅ ከማናቸውም አዳራሽ የበለጠ የአደባባይ ንግግር ተምሯል። ሙያውን ያስረዳው በሙያው ቃል ሳይሆን በሰሚው ቃል ነው። ሰሚውም ዝም ብሎ አልተቀበለውም፤ ፈተነው። ነገራ ማለት ይኸው አይደለምን?

* * *

የአገራችን ሰው ስለ ንግግር ሁለት ልብ ነው። በአንድ በኩል ልጅ በሽማግሌ ፊት አፉን እንዳይከፍት ይመክራል፤ ዝምታ ወርቅ ነው ይላል። በሌላ በኩል ችሎት ፊት «ተጠየቅ» እያለ በግጥም ሲሟገት የኖረ፣ በእርቅ ሸንጎ የተናጋሪ አንደበት ነገርን ሲፈታ ያየ፣ በፉከራና በቀረርቶ ልቡ የሚነሣ ሕዝብ ነው። የዘመኑ መሐንዲስ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ብቻ ወርሶ ይገኛል። በስብሰባ ላይ ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እርሱ ሆኖ ሳለ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ የማያውቅ ይናገርለታል። ሥራውም ያለ ስሙ ይኖራል።

ይህ ትሕትና ሲያስከፍል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባን በጐበኘች ጊዜ ከተማው ሁሉ ስለ እርሷ አወራ፤ አማርኛ ትናገር ይሆን ተብሎ ተጠበቀ። የሰው ጆሮ ሁሉ ወደ መኪናዋ አንደበት ሲያዘነብል፣ በአዲስ አበባ የአይኮግ ላብስ ወጣት መሐንዲሶች በሶፊያ ሶፍትዌር ሥራ እጃቸው እንዳለበት ያስታወሰ ጥቂት ነበር። ሮቦቷ ስታወራ ሠሪዎቿ ዝም ካሉ፣ ሕዝቡ ሥራውን ተአምር እንጂ ዕውቀት አድርጎ አያየውም፤ ተአምር ያየ ሕፃን ይደነቃል፣ ዕውቀት ያየ ሕፃን ግን «እኔስ?» ይላል።

መናገርም ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራ በአፕል ኩባንያ ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የታወቁ ፕሮግራሞች በነጣ ያሉ ወንዶችን ሲመለከቱ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ የማይበልጥ ሲሆን፣ በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ በቁጥር አሳየች። ይህ ቆጠራ ነበር። ነገራው ቀጠለ፤ በጉባኤ ቆመች፣ ጻፈች፣ ሞገተች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ስለ ታላላቅ የቋንቋ መኪናዎች አደጋ በተጻፈ ጽሑፍ ሳቢያ በተነሣ ክርክር ከጉግል ጋር ተለያየች፤ እርሷ ተባረርሁ ስትል ኩባንያው ለቀቀች አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች። ስለ ክርክሩ ማንም የፈለገውን ይፍረድ፤ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ያ 34.7 የሚለው ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀብሮ በቀረ ነበር።

ለአማርኛም ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ጉግል አማርኛን በትርጕም ፕሮግራሙ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛ እስከ 2022 ጠበቁ። ዛሬ መኪና በሰው ቋንቋ መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ መኪናው የሚናገረው ያነበበውን ነው። የጎጃም ገበሬ አነጋገር፣ የሽማግሌው ምሳሌ፣ የቅኔው ኅብረ ቃል ተጽፎ ካልጠበቀው መኪናው አማርኛን ሲናገር የሚሰማው ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ አማርኛ ይሆናል፤ ሰሙ አማርኛ፣ ወርቁ ባዕድ። ይህን ሊያርም የሚችለው ቆጠራውንም ነገራውንም የሚያውቅ፣ ቋንቋውንም የሚያፈቅር ሰው ነው።

መሣሪያው የማይታመንበት ቀን መኖሩም አይረሳ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በዚያ አካባቢ የሚኖር የዚህ ሙያ ሰው ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጠሰ። እጁ ላይ ያለው መኪና ያው ነው፤ ዕውቀቱም ያው ነው፤ ነገር ግን የሚልክበት መንገድ የለም። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሰውን የሚያቆየው በልቡ የቈጠረው ነው። የቅኔ ተማሪ ወረቀት ሳይዝ ስምንት ቤት መወድስ በልቡ አብጅቶ ይመጣል፤ መስመር ቢበጠስ፣ መብራት ቢጠፋ ቅኔው አይጠፋም። የቡሬውም ልጅ የአባቱን ማሳ ዳር ይዞ ሲሄድ፣ መስመሩ የተመለሰ ቀን የሚጽፈውን በልቡ ሲቈጥር ይውላል።

በሚመጣው በዓል አባትየው እንግዳ ጠርተው ያንኑ ጥያቄ በሰው ፊት ቢደግሙት አይገርምም፤ ቀልዱን ወደውታልና። አሁን ግን ልጁ አያቀረቅርም። በርበሬ ስለ ሸጠው ጎረቤት፣ በመንገድ ስለማይጠፋው ገንዘብ፣ በተራቸው ስለ ተቀመጡት ፊደላት፣ የካቲት 3 ቀን ስለ ገባችው ነነዌ ይናገራል። ሽማግሌዎቹ ያቋርጡታል፣ ይጠይቁታል፣ ይሥቁበታል፤ አንዱ ሕፃን ግን ከምሰሶው ሥር ተደግፎ ዐይኑን ሳይነቅል ያዳምጣል።

«ታዲያ ያ በሬህ አሁንስ ይታዘዝልሃል?» ይላሉ አባት።

«እኔ ስሕተቴን ያረምሁ ቀን፣ አባባ።»